«ጤነኛ ነኝ» እና ሌሎች ውድ ስህተቶች

ኖቬምበር ሲገባ ስልኬ እረፍት የለውም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ወገኖቻችንን የጤና ኢንሹራንስ ፎርም ማስሞላት ከጀመርኩ ዓመታት አለፉ። ሰዉ ይቀያየራል፣ ስህተቱ ያው ነው።

«ጤነኛ ነኝ፣ ለምን እከፍላለሁ?»

ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። የሚለኝ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የእድር ከፋይ ነው። ወንድሜ፣ እድር የገባኸው ሰው እስኪሞትብህ ጠብቀህ ነው? ድንኳን ከተተከለ በኋላ «አሁን መዝግቡኝ» ብሎ የሚመጣውን የትኛው ዳኛ ይቀበለዋል? እዚህም ነገሩ ያው ነው። ከ2014 በፊት ኢንሹራንስ በግሉ ሊገዛ የሄደን የስኳር በሽተኛ ኩባንያዎቹ አንቀበልም ይሉት ነበር። በ2010 ኦባማ የፈረሙት ሕግ ይህን ከለከለ። ግን የታመመ ብቻ ከገባ ካዝናው ይራቆታል። ስለዚህ ጤነኛውም ይግባ፣ ካልገባ ይቀጣ ተባለ።

«እኔ ሪፐብሊካን ነኝ፣ ኦባማ ኬር አልነካም» ለሚለኝ ደግሞ ትንሽ ታሪክ እነግረዋለሁ። ግዴታውን በ1989 ያቀረበው ሄሪቴጅ ፋውንዴሽን የተባለው የወግ አጥባቂዎች ተቋም ነው። ማሳቹሴትስ ላይ በ2006 ሕግ አድርገው የፈረሙት ሪፐብሊካኑ ሚት ሮምኒ ናቸው። ያኔ ስሙ የግል ኃላፊነት ነበር። ኦባማ ሲያነሱት ነፃነት መንካት ሆነ።

የፌዴራሉ ቅጣት ከ2019 ጀምሮ ዜሮ ነው። የኛ ሰው «ቅጣቱ ቀረ» ሲባል «ኢንሹራንሱ ቀረ» ብሎ ሰማ! ዲሲ፣ ካሊፎርኒያ፣ ኒው ጀርሲ፣ ማሳቹሴትስና ሮድ አይላንድ ግን የራሳቸው ቅጣት አላቸው። ከቨርጂኒያ ድልድይ ተሻግሮ ዲሲ የገባ አንድ ልጅ ይህን ያወቀው ታክስ ሲያሠራ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ሠርቼዋለሁ። በ2016 ታክሲ ስነዳ የወር ክፍያውንና ቅጣቱን ደመርኩ፣ ቀነስኩ። ቅጣቱ ረከሰልኝ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ለጓደኞቼም አስተማርኩ። ፌብሩዋሪ ላይ የሐሞት ጠጠር ሦስት ሌሊት ሆስፒታል አስተኛኝ። ቢሉ 31 ሺህ ዶላር። ደንግጬ 4 ሺውን በክሬዲት ካርድ ከፈልኩ፤ ይኼ ከመጀመሪያው የባሰ ስህተት ነው። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች አቅም ለሌለው የሚያግዙበት መመሪያ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል። ቅጹን ጠይቆ መሙላት ነው። ካርድ ላይ የወጣው ገንዘብ ግን ከዚያ በኋላ የባንክ ዕዳ እንጂ የሆስፒታል ዕዳ አይደለም።

«ኢመርጀንሲ ማንንም አይመልስም»

እውነት ነው፣ የ1986 ሕግ ነው። መርምረው ከአደጋ ያወጡሃል። በነፃ ግን አላለም። ኢንሱሊንም በየወሩ አይሰጡህም።

ገቢ ላይ ደግሞ የኡበር ሹፌሮች ጉድ ያደርጉኛል። «በዓመት ስንት ታገኛለህ?» «62 ሺህ።» ከነዳጁ፣ ከማይሉና ከኩባንያው ድርሻ በፊት መሆኑ ነው። የታክስ ወረቀቱን አስወጥቼ ሳየው ከወጪው በኋላ የተጣራው 34 ሺህ ነው። ፎርሙ የሚጠይቀው ይህን ነበር። ሰውየው መንግሥት ገቢን አይቶ ለወር ክፍያው የሚሰጠውን ድጋፍ ሁለት ዓመት ሙሉ በገዛ እጁ ሲያስቀንስ ኖሯል። ሆን ብሎ ዝቅ አድርጎ የሚሞላም አለ። እሱ የዓመቱን ድጋፍ የሚዘረዝረው 1095-ኤ የተባለው የታክስ ወረቀት ሲመጣ ልዩነቱን ይመልሳል። ድሮ ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው ተመላሹ ጣሪያ ነበረው። ከ2026 የታክስ ዓመት ጀምሮ ጣሪያው ተነስቷል። ገቢያችሁ መሃል ላይ ከተለወጠ ዛሬውኑ ደውላችሁ አሳውቁ።

የወር ክፍያው ርካሽ ስለሆነ ብቻ ብሮንዝ የተባለው የኢንሹራንስ ደረጃ ውስጥ አትግቡ። ገቢው ዝቅ ላለ ሰው ዲዳክቲብሉን፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችሁ የሚወጣውን፣ የሚቀንሰው ተጨማሪ ድጋፍ ያለው ሲልቨር የተባለው ደረጃ ላይ ብቻ ነው።

ሥራ ለቀቃችሁ? ኢንሹራንሱ ከተቋረጠ አዲስ ለመመዝገብ 60 ቀን አላችሁ።

የፖስታውን ነገር ሳልናገር አላልፍም። አምና አንዲት እናት ፌስታል ሙሉ ፖስታ ይዘው መጡ። አንዱም አልተከፈተም። «ልጄ፣ ማስታወቂያ መስሎኝ ነው» አሉ። ፋርማሲው የደም ግፊት መድኃኒታቸውን «ኢንሹራንስዎ አይሠራም» ብሎ መልሷቸዋል። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍናቸው። ከፒዛ ኩፖኖችና ከመኪና ማስታወቂያዎች መሃል የሜዲኬይድ (መንግሥት ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠው ኢንሹራንስ) ማደሻው ቅጽ ወጣ። ቀኑ አልፏል። ከተቋረጠ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ቅጹን የመለሰ ሰው እንደ አዲስ ማመልከት የለበትም። በጣት ቆጠርን፤ 71ኛው ቀን ነው። እዚያው ሞልተን ላክን።

«እማማ፣ ሌሎቹንስ?» አልኳቸው።

ፌስታሉን ቋጠሩና «ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ፣ ቡናውን እኔ አፈላለሁ» አሉኝ።