ፖላንድኛ መናገር ሲያስፈራ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወራት ሙሉ ፖላንድኛ ሲያጠና የከረመ ሰው ዳቦ ቤት ይገባና ሻጯ «ስዉሃም?» ስትለው አፉ ይተሳሰራል። «ምን ልታዘዝ?» ማለቷ ነው፤ እሱ ግን ቃሉን የሚያውቀው «አዳምጣለሁ» በሚል ፍቺ ነው። እንዲህ ያለው ድንጋጤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአጠናን ልማድ ነው።

ሰዋስው እስኪያልቅ ዝም ማለት። የፖላንድኛ ስም ሰባት ዓይነት እርባታ አለው። እኛ «ቡናውን» ስንል «ን» እንደምንጨምር፣ ፖላንድኛ የቃሉን መጨረሻ ይለውጣል። ሰባቱን ሳልጨርስ አልናገርም ያለ ሰው ዓመትም ቢቆይ አይጀምርም። በአንዱ ይጀምሩ። «ፖፕሮሼ» («እባክዎ ይስጡኝ») ሲሉ ካቫ (ቡና) «ካቬ»፣ ሄርባታ (ሻይ) «ሄርባቴ»፣ ቡውካ (ትንሽ ዳቦ) «ቡውኬ» ይሆናል፤ «ቢሌት» (ትኬት) ግን እንዳለ ይቀራል። በየቀኑ የሚገዟቸውን አሥር ነገሮች በዚህ መልክ ጮክ ብለው ይለማመዱ። ተሳስተው «ፖፕሮሼ ካቫ» ቢሉም ቡናው ይመጣል።

የራስን ዓረፍተ ነገር ብቻ ማዘጋጀት። ከሁሉ የሚጎዳው ይሄ ነው። ጥያቄዎን አሳምረው ይናገራሉ፤ መልሱ ሲመጣ ግን ባዶ እጅዎን ነዎት። ደግነቱ ሻጮች የሚሉት ጥቂት ነው፤ ቃል በቃል ሊጠበቅ ይችላል፦

«ና ምዬይስትሱ ቺ ና ቪኖስ?» እዚህ ነው ወይስ ይዘው የሚሄዱት?
«ትሶሽ ዬሽቼ?» ሌላስ?
«ካርቶን ቺ ጎቱፍኮን?» በካርድ ወይስ በጥሬ ገንዘብ?

መልሱ አጭር ነው፦ «ና ቪኖስ»፣ «ቶ ፍሺስትኮ» (ይኸው ነው)፣ «ካርቶን»። ጥያቄዎቹን ስልክዎ ላይ መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ በፍጥነት ይቅዱና እየሰሙ ይመልሱ። ካልሰሙ «ፕሮሼ ፖፍቱዢች» (እባክዎ ይድገሙልኝ) ወይም «ፕሮሼ ሙቪች ቮልኜይ» (እባክዎ ቀስ ብለው ይናገሩ) ይበሉ። እነዚህን ሁለቱን ከማንኛውም ቃል አስቀድመው ይያዙ። ወደ እንግሊዝኛ ከዞሩ ሻጯም አብራ ትዞራለች፤ ልምምዱም እዚያው ያበቃል።

«ኖ»ን እንደ እምቢታ መስማት። በዕለት ተዕለት ወሬ «ኖ» ማለት «አዎ፣ እሺ» ነው፤ አይደለም የሚለው «ኜ» ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የተስማማለትን ሰው እንደ ቁጡ አይቶ ይሸማቀቃል። በተቃራኒው ሻይ ሲቀርብልዎ «ጄንኩዬ» (አመሰግናለሁ) ብቻ ካሉ «ይቅርብኝ» ያሉ ይመስላል። ከፈለጉ «ታክ፣ ፕሮሼ» (አዎ፣ እባክዎ) ይበሉ።

የማያውቁትን ሰው «ቲ» (አንተ፣ አንቺ) ማለት። ለወንድ «ፓን»፣ ለሴት «ፓኒ» ይባላል፤ ግሡም ስለ ሦስተኛ ሰው እንደሚወራ ይሆናል፦ «ቺ ፓኒ ማ ሄርባቴ?» (ሻይ አለዎት?)። «እርስዎ» ስንል ወንድና ሴት ስለማንለይ እዚህ ላይ እንሳሳታለን። ሌላም አለ፤ አማርኛ «ነበርኩ» ሲል ተናጋሪው ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም፤ በፖላንድኛ ግን ወንድ «ቢዌም»፣ ሴት «ቢዋም» ትላለች። ስለዚህ ሴት ተማሪ የወንድ ድምፅ ብቻ እየሰማች አታጥና፤ ወንዱም እንዲሁ።

ስለ ድምፁ ከመጠን በላይ መጨነቅ። ች፣ ሽ፣ ዥ፣ ጅና ኝ አፋችን ላይ አሉ፤ ጭረት ያለባት ኤልም የእኛው «ው» ናት። የሚያስቸግረው «ሽ» ጠንካራና ለስላሳ ሆኖ ሁለት መሆኑ ነው፦ «ፕሮሼ» በጠንካራው «እባክዎ»፣ በለስላሳው «የአሳማ ግልገል» ነው። ቢያምታቱትም ከሁኔታው ይረዱዎታል። ይልቅ የሚያስቸግረው አነጋገርን ለመደበቅ መቸኮል ነው፤ እርባታውም ጾታውም ያለው በቃሉ መጨረሻ ስለሆነ ሲጣደፉ የሚዋጠው ዋናው ክፍል ነው። ሲናገሩ ከመጨረሻው በፊት ያለውን ክፍለ ቃል ጫን ይበሉ፦ ሄር-ባ-ቴ ሲሉ «ባ» ላይ።

ትንሽ ሱቅ ሲገቡ ደግሞ ወዲያው ወደ ትእዛዝ አይሂዱ። «ጄኝ ዶብሪ» ብለው ሰላምታው እስኪመለስልዎ ይጠብቁ፤ በዚያች ቅጽበት ትንፋሽዎ ይመለሳል፣ ቀጣዩ ቃልም አፍዎ ላይ ይመጣል።