ማሞቂያው እየሠራ ቤቱ ለምን ይበርዳል? የቬንቶችን አቀማመጥ እንዴት መፈተሽና ማስተካከል እንደሚቻል

እንደ ሚኒሶታ ባሉ ብርዳቸው በሚከፋ የአሜሪካ ግዛቶች የሚኖር ሰው የሙቀት መቆጣጠሪያው (ቴርሞስታቱ) 70 ዲግሪ ፋራናይት እያሳየ እግሩ ሲቀዘቅዝበት ማሞቂያው የተበላሸ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ቬንት በሚባሉት፣ ሞቃቱ አየር ከማሞቂያው በቱቦ መጥቶ በሚገባባቸውና በሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ላይ ስለሆነ ባለሙያ ከመጥራት በፊት ራስዎ ሊፈትሹት ይችላሉ።

በመጀመሪያ ማሞቂያው እየሠራ ሳለ ቁራጭ ሶፍት ይዘው በየክፍሉ ይዙሩ። ሶፍቱን የሚገፋው ቬንት ሞቃት አየር የሚያስገባው ሲሆን፣ ወደ ራሱ የሚስበው ደግሞ የክፍሉን አየር ወደ ማሞቂያው የሚመልሰው ነው። ሶፍቱ እምብዛም ያልተነቃነቀበትን ክፍል ይመዝግቡ።

ቀጥሎ ወለል ላይ ያሉትን ይመልከቱ። አብዛኞቹ መስኮት ሥር የተቀመጡት በምክንያት ነው፤ መስታወቱ ያቀዘቀዘው አየር ከብዶ ወደ ወለሉ ስለሚወርድ፣ ከሥር የሚነሣው ሞቃት አየር እንዲገታው ታስቦ ነው። እኛ ግን ሶፋውን ግድግዳ ማስደገፍ፣ መጋረጃውንም እስከ መሬት ማውረድ እንወዳለን። ሶፋው ሙቀቱን ከሥሩ አፍኖ ያስቀረዋል፤ መጋረጃው ደግሞ ከጀርባው አስገብቶ ለመስታወቱ ይሰጠዋል። ስለዚህ ሶፋውን ቢያንስ አንድ ስንዝር ፈቀቅ ያድርጉት፣ መጋረጃውንም ከቬንቱ በላይ ያሳጥሩት። ቦታ ከጠበበ በማግኔት የሚጣበቀው የፕላስቲክ መከለያ አየሩን ወደ ክፍሉ መሐል ይመልሰዋል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው።

ቬንቱ ጣሪያ ላይ ከሆነ ሞቃት አየር ቀላል በመሆኑ እዚያው ላይ ይቀራል። የቬንቱን ስስ ብረቶች ወደ መስኮቱና ወደ ታች እንዲያነጣጥሩ ያዙሯቸው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የአየሩን መመለሻ ነው። መኝታ ቤቱ የራሱ መመለሻ ከሌለውና በሩ ከተዘጋ፣ የገባው አየር መውጫ ስለሚያጣ ሌላ ሞቃት አየር እንደ ልብ አይገባም። በሩን ገርበብ አድርጎ መተው፣ ወይም ከሥሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት እንዲኖረው ማድረግ ይረዳል፤ ተከራይ ከሆኑ ግን በሩን ከማስቆረጥዎ በፊት አከራዩን ያስፈቅዱ።

ሒሳብ ለመቆጠብ ብለው ሰው የማያድርባቸውን ክፍሎች ቬንቶች መዝጋት አይበጅም። በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ግፊት ጨምሮ አየሩ በየመገጣጠሚያው ይሾልካል፤ ማሞቂያውም ከመጠን በላይ ሞቆ ራሱን እስከ ማጥፋት ሊደርስ ይችላል። የማሞቂያው አየር ማጣሪያ (ፊልተሩ) ሲቆሽሽም ማሞቂያው ከመጠን በላይ ሊሞቅ ስለሚችል በየአንድ እስከ ሦስት ወሩ ይቀይሩት።

ቴርሞስታቱ ላይ በቀጥታ የሚነፍስ ቬንት ካለ አቅጣጫውን ያስለውጡ፤ ካልሆነ ማሞቂያው ሌሎቹ ክፍሎች ሳይሞቁ ይቆማል። በመጨረሻ ወደ ቤዝመንት ወርደው ቱቦዎቹ ላይ ያሉትን ትንንሽ እጀታዎች ይመልከቱ፦ እጀታው ከቱቦው ጋር ትይዩ ከሆነ መንገዱ ክፍት፣ ቱቦውን አቋርጦ ከቆመ ዝግ ነው። ከመጠን በላይ ወደሚሞቀው ክፍል የሚሄደውን በጥቂቱ ብቻ ያጥብቡና አንድ ቀን ይጠብቁ። ያ የመዘገቡት ክፍል ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልሞቀ፣ የቱቦ መላቀቅ ወይም መሹለክ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ያስጠሩ።