ድሮን ላይ ያሰርኩት ቴርሞሜትር ሲሸውደኝ

ወደ ላይ ሲወጡ የአየሩ ሙቀት እንዴት እንደሚለወጥ ልለካ ብዬ፣ የመጀመሪያ ቀን ሴንሰሩን ድሮኑ ሆድ ላይ፣ ባትሪው ሥር ለጠፍኩት። ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ ወጣ ብሎ ያለ ሜዳ ላይ፣ እኩለ ቀን ገደማ። 100 ሜትር ላይ ሲደርስ አየሩ ከመሬቱ 3 ዲግሪ ይሞቃል አለኝ። ጉድ ነው ብዬ ለጓደኛዬ ደወልኩ። ድሮኑ ወርዶ ባትሪውን ስነካው እንደ ምጣድ ግሏል። ለካ የለካሁት ባትሪውን ነው!

ስለዚህ መጀመሪያ ቦታውን አስተካክሉ። ሴንሰሩ ከባትሪና ከሞተር ይራቅ፣ ንፋስ ያግኘው፣ ፀሐይ አትንካው። እኔ የድሮኑ ክንድ ላይ፣ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ከትቼ አሰርኩት። ፕሮፔለሩ አየሩን ይስብለታል። ጥቁር ቱቦ ግን ራሱ ይግላል።

ርካሹ ቢኤምኢ280 (ሙቀትም እርጥበትም የሚለካ ትንሽ ሴንሰር) እስከ 1 ዲግሪ ሊስት ይችላል። ፀሐያማ ቀን ላይ ደግሞ ወደ ላይ ስትወጡ በየ100 ሜትሩ የሚቀንሰው ሙቀት ራሱ 1 ዲግሪ ገደማ ነው። ስህተቱና የምትፈልጉት ነገር እኩል ሆኑ ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመብረራችሁ በፊት ጥላ ሥር፣ ከምታምኑት ቴርሞሜትር ጎን 15 ደቂቃ አስቀምጡት። ልዩነቱን ጻፉና ኋላ ከንባቡ አስተካክሉ።

ስትወጡ አትቸኩሉ። ሴንሰር ዘገምተኛ ነው፤ በየ20 ሜትሩ አንድ ደቂቃ ቁሙ። ስትወርዱም ድገሙት። የመውጫውና የመውረጃው ቁጥር ካልተቀራረበ ሴንሰሩ ገና የአየሩን ሙቀት አልያዘም ማለት ነው።

እርጥበቱንስ? ሙቀቱ ከተሳሳተ እሱም አብሮ ይሳሳታል፤ ሙቀቱን ሳታስተካክሉ አትመኑት።