ዕቃ ከተቀየረለት በኋላ የሚያስቸግር ኤሌክትሪክ ጊታር፦ ችግርና መፍትሄ

ብሪጅ (ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት)፣ ጃክ (ኬብሉ የሚሰካበት)፣ ፖት (የቮልዩምና የቶን ማዞሪያ) ወይም ፒክአፕ (የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚለውጠው) ተቀይሮ ጊታሩ ካስቸገረ፣ ጥፋቱ መጀመሪያ የሚፈለገው እጅ በነካው ቦታ ላይ ነው። መበየጃው ከመጋሉ በፊት ግን መልቲሜትር ይውጣ። በግምት እየነቀሉ መበየድ ደህና የነበረውን ፖት ያቃጥላል፤ ያኔ አንዱ ችግር ሁለት ይሆናል።

ኬብሉን ጊታሩ ላይ ይሰኩና ሌላውን ጫፍ ከአምፕሊፋየሩ ይንቀሉ። ስዊቹ አንድ ፒክአፕ ላይ ብቻ ይሁን፤ ቮልዩሙ እስከ መጨረሻ ይከፈት። ከዚያ በፕለጉ ጫፍና በግንዱ መካከል ኦም ይለኩ። ባትሪ የሌለው ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ) አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ኪሎኦም፣ ሀምባከር (ባለ ሁለት ጥቅል) ከ7 እስከ 9 ያሳያል፤ ኃይለኛ ሀምባከሮች እስከ 16 ይደርሳሉ። ወደ 0 የተጠጋ ቁጥር ሾርት አለ ማለት ነው። 250 ወይም 500 ኪሎኦም ካነበበ የሚታየው ፖቱ ብቻ ነው፤ ፒክአፑ አልተገናኘም። መልቲሜትሩ ምንም ካላነበበ ወደ ጃኩ የሚሄድ ሽቦ ተቆርጧል።

ሃም (የማያቋርጥ የእምም ድምፅ) በዝቷል

ክሮቹን በእጅዎ ይንኩ። ሃሙ ከቀነሰ የብሪጁ ግራውንድ (ብሪጁን ከጃኩ የሲግናል መመለሻ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ) ደህና ነው። ሲነኩት ከባሰ ጃኩ ላይ የሲግናልና የግራውንድ ሽቦዎች ቦታ ተለዋውጠዋል። ምንም ካልተለወጠ ደግሞ የብሪጁ ግራውንድ ተቋርጧል፤ ብሪጅ ከተቀየረ በኋላ በብዛት የሚያጋጥመው ይኸኛው ነው። በስትራቶካስተር ሽቦው ከኋላ በኩል የትሬሞሎ ስፕሪንጎችን የያዘው ብረት ላይ ተበይዶ ይገኛል። በቴሌካስተር ጫፉ ተልጦ በብሪጁ ሰሌዳ ስር ይጫናል። በሌስ ፖል ዓይነቶች ክሮቹን የያዘው ብረት የሚቆምበት ብሎን ቀዳዳ ውስጥ ይገባል።

በክርና በጃኩ ግራውንድ መካከል ሲለካ ከ1 ወይም 2 ኦም መብለጥ የለበትም። ጥቁር ቀለም የተቀባ ብሪጅ ሽቦው በቦታው እያለም አያስተላልፍም፤ ቀለሙ ይከላከለዋል። ሽቦው የሚያርፍበትን የታችኛውን ገጽ ብረቱ እስኪታይ በጥቂቱ መፋቅ ይበቃል።

ክሩን ሲነኩ እጅዎን ከነዘረዎት ጊታሩን ወዲያው ያስቀምጡ። ያ ከጊታሩ የመጣ ሳይሆን ከአምፕሊፋየሩ ወይም ከኤሌክትሪክ መስመሩ ነው፤ ሳይስተካከል መጫወት ለሕይወት ያሰጋል።

ጭራሽ ድምፅ የለም

አዲሱ ጃክ ስቴሪዮ ከሆነ ሦስት እግር አለው። የሲግናሉ ሽቦ የፕለጉን ጫፍ በሚነካው ረጅም ምላስ እግር ላይ መበየድ አለበት፤ በመካከለኛው ላይ ከተበየደ ድምፅ አይወጣም። ጊታሩ ተከፍቶ እያለ ሠርቶ ሲዘጋ ዝም ካለ፣ ምላሱ ወይም የፖቱ እግር ጉድጓዱ ውስጥ የተለጠፈውን የመዳብ ፎይል እየነካ ነው። እዚያ ጎን ላይ ቴፕ ይለጥፉበት።

ሁለት ፒክአፕ አብረው ሲበሩ ድምፁ ይሳሳል

እያንዳንዱ ለብቻው ደህና ከሆነ ፌዛቸው (የሲግናላቸው አቅጣጫ) ተቃራኒ ነው። ሽቦ ሳይነቅሉ ማረጋገጥ ይቻላል፦ ስዊቹን አንድ ፒክአፕ ላይ አድርገው መልቲሜትሩ ኪሎኦም እያነበበ ሳለ፣ የስክሩድራይቨር ብረት ፒክአፑ ላይ ቶሎ ያሳርፉ። ንባቡ ለቅጽበት ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ሌላውንም በዚያው መንገድ ይሞክሩ። አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ የአንዱን ሁለት ሽቦዎች ያለዋውጡ። ፒክአፑ የብረት ክዳን ካለው ግን የክዳኑ ግራውንድ አስቀድሞ ለብቻው መለየት አለበት፤ አለበለዚያ ክዳኑ ከሲግናሉ ጋር ተገናኝቶ ሃም ያመጣል።

አንድ ሀምባከር ለብቻው ከሳሳ የሽቦ ቀለም ተምታቷል። ሲይሞር ደንከን ጥቁሩን ለሲግናል፣ አረንጓዴውን ለግራውንድ ያደርጋል፤ ቀይና ነጩ አብረው ይበየዳሉ። ዲማርዚዮ ግን ቀዩን ለሲግናል፣ አረንጓዴውን ለግራውንድ አድርጎ ጥቁርና ነጩን ያገናኛል። ባዶው ሽቦ በሁለቱም ግራውንድ ነው። የአንዱን ሥዕል ለሌላው መጠቀም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው።

ቮልዩምና ቶን

ቮልዩም ወደ ግራ ሲዞር ከጨመረ የፖቱ ሁለቱ የዳር እግሮች ተገላብጠዋል። ቶን ሲዘጋ ድምፁ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ካፓሲተሩ ሾርት አድርጓል፤ ደህና ካፓሲተር የኦም ንባቡን አያወርድም። ድምፁ የታፈነና ደካማ ከሆነ የፖቱን ቁጥር ይዩ፦ ለሲንግል ኮይል 250፣ ለሀምባከር 500 ኪሎኦም የተለመደ ነው፤ 25 ኪሎኦም የባትሪ ፒክአፕ ዕቃ ነው።

ግራውንድ የሚበየድበት የፖት ጀርባ በብርጭቆ ወረቀት ሳይፋቅ ሶልደር አይይዘውም፤ እንደ ጠብታ ክብ ሆኖ ይቀመጥና ሲነካ ይላቀቃል። ከ40 እስከ 60 ዋት መበየጃ፣ ሰፊ ጫፍ፣ ጥቂት ሰከንድ። ደካማ መበየጃን ደጋግሞ መጫን ነው ፖቱን የሚገድለው።

ድምፁ እየተቆራረጠ ይመጣል

የጃኩ ብሎን ላልቶ ጃኩ አብሮ ሲዞር ሽቦዎቹ ተጠማዘው ይበጠሳሉ። ሽቦውን እንደገና ከበየዱ በኋላ ብሎኑን ሲያጠብቁ ጃኩን ከውስጥ በኩል ይዘው ያቁሙት።