አልበማችሁን ቤት ውስጥ ራሳችሁ ስትሠሩ

የድሮ ካሴት ሽፋን ገልብጣችሁ ካያችሁ ግጥሙ የአንዱ፣ ዜማው የሌላው፣ ቅንብሩ ደግሞ የሦስተኛ ሰው ነው። ዛሬ ሁሉንም አንድ ሰው መኝታ ቤቱ ሆኖ መሥራት ይችላል። ፖል ማካርትኒ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣውን የመጀመሪያ የግል አልበሙን የጀመረው ለንደን ቤቱ ውስጥ፣ በአንድ ባለ አራት ትራክ ቴፕ፣ ማይኩን ቀጥታ ማሽኑ ላይ ሰክቶ፣ ከበሮውንም ጊታሩንም ራሱ እየተጫወተ ነው። እጃችሁ ላይ ያለው ላፕቶፕ ከዚያ በብዙ ይበልጣል።

የሚጎድላችሁ ሌላ ነው። "ይሄ አልሆነም፣ ድገመው" የሚል ሰው የለም። እሱን መተካት ነው ትልቁ ሥራ።

መጀመሪያ ዘፈኖቹን በሙሉ በስልክ ቅዱ፣ በአንድ ክራር ወይ ኪቦርድ ብቻ። ከዚያ ሁለት ሳምንት አትስሟቸው። ስትመለሱ አዝማቹ ከአፋችሁ የጠፋውን ዘፈን ተዉት። ያማል፣ አውቃለሁ። እኔ አንዱን ደካማ ዜማ በቅንብር አድነዋለሁ ብዬ መሣሪያ ላይ መሣሪያ ስደርብ ሦስት ወር ፈጀሁና በመጨረሻ ከአልበሙ አስወጣሁት።

ላፕቶፑ ላይ የመቅጃ ፕሮግራሙን ስትከፍቱ ክሊኩ፣ ማለትም ምቱን የሚቆጥርላችሁ ድምፅ፣ ብዙ ጊዜ 4/4 ሆኖ ነው የሚመጣው። ዘፈናችሁ ቺክቺካ ከሆነ ምንም ሳትቀዱ 6/8 አድርጉት፣ አለዚያ በኋላ ስትቆርጡና ስትቀጥሉ ፕሮግራሙ ስክሪን ላይ የሚያሳያችሁ የምት መስመር፣ ፍርግርጉ፣ ከዘፈኑ ምት ጋር አይገጥምላችሁም።

አሁን የዘፋኙን ድምፅ መቅዳት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፣ አድማጭ ቀድሞ የሚሰማው እሱን ነው። ከማይኩ ዋጋ ይልቅ ክፍሉ ይወስናል፤ ባዶ ግድግዳ ድምፃችሁን መልሶ ይወረውረዋል፣ ያ ማሚቶ አንዴ ከተቀዳ ደግሞ በቀላሉ አይወጣም። ልብስ የሞላውን ቁም ሣጥን ክፈቱና ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ቁሙ፣ ማይኩ የሚሰማው እናንተንና ከኋላችሁ ያለውን ነውና። በግራና በቀኝ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉ። ከማይኩ አንድ ስንዝር ራቁ። "ፐ" እና "በ" ስትሉ የሚወጣው ትንፋሽ እንዳይመታው በሽቦ ክብ ላይ ስቶኪንግ ወጥራችሁ ከፊት አቁሙለት። ፕሮግራሙ ላይ የቅጂውን ጥራት 24 ቢት አድርጋችሁ ቅዱ፤ ዘፈኑ ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ እንኳ መለኪያው ከማይነስ 6 ዴሲቤል አይለፍ። ፍሪጁን ንቀሉ። ቻርጀሩንም ንቀሉና በባትሪ ሥሩ፣ ያ "እምምም" የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ ከእሱ ነው። ክረምት ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ዝናብ ሲጀምር ሥራው ያበቃል፣ ስለዚህ ሰማዩን አይታችሁ ጀምሩ፤ እኔ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ነው የምቀዳው።

ኦቶቲዩን፣ ማለትም ከኖታ የወጣ ድምፅ የሚያርም ፕሮግራም፣ ከተጠቀማችሁ ቅኝቱን ራሳችሁ ምረጡለት። ትዝታ አምስት ድምፅ ነው። አሥራ ሁለቱንም ኖታ ክፍት ከተዋችሁለት ድምፃችሁ ሲርገበገብ ወደማይሆን ኖታ ይጎትተዋል፣ ያ እርግብግቢት ደግሞ የዘፈኑ ነፍስ ነው። ድምፁን የሚያርምበትን ፍጥነትም ቀንሱት።

ሚክሲንግ ላይ፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች ስታመጣጥኑ፣ ስፒከሩን ዝቅ አድርጋችሁ ሥሩ። ጮክ ሲል ሁሉም ያምራል። ከዚያ በስልክ ስፒከር፣ በጓደኛ መኪና፣ በርካሽ ኢርፎን ስሙት፤ ቃሉ ካልተሰማ የዘፋኙን ድምፅ ከፍ ከማድረጋችሁ በፊት የሸፈነውን መሣሪያ ዝቅ አድርጉ። በኃይል ለማስጮህ አትታገሉ፣ ስፖቲፋይ ራሱ ወደ ማይነስ 14 LUFS (የጩኸት መለኪያ ነው) ገደማ ያወርደዋል። ማስተሪንጉን፣ ማለትም ከመውጣቱ በፊት ያለውን የመጨረሻ ማስተካከያ፣ ግን ለሌላ ሰው ስጡ። ገንዘብ ካላችሁ እዚህ አውጡት፣ ዘፈኑን መቶ ጊዜ ያልሰማ ጆሮ የምታገኙት እዚህ ነው።

ማሲንቆ ሊጫወትላችሁ የመጣ ጓደኛ ካለ ደግሞ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለተጫዋችም መብት ይሰጣል። ስንት እንደሚከፈለው፣ ስሙ እንዴት እንደሚጻፍ ሁለት መስመር ጻፉና ማሲንቆውን ይዞ ከቤት ሳይወጣ ሁለታችሁም ፈርሙ።