እናትና አባታችሁን በወረርሽኝ ጊዜ ከሩቅ ስትጠብቁ

እናቴ በስልክ "ደህና ነኝ፣ አታስብ ልጄ" ስትለኝ አምናት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮቪድን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ካለ በኋላ፣ ብር ጨምሬ ላክሁ፣ የምታግዛት ሰው ቀጠርሁ፣ ከቤት እንዳትወጣ አስጠነቀቅሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ እህቴ ስትነግረኝ ግን እናቴ ከአልጋ ስትነሳ ግድግዳ መደገፍ ጀምራለች። ቫይረሱ አልነካትም። ያደከማት መቀመጥ ነው፣ እንድትቀመጥ ያደረግኋት ደግሞ እኔ ነኝ።

ውጭ ያለን ልጆች ፍቅራችንን የምንገልጸው "አንቺ ምንም አትንኪ" እያልን ነው። አረጋዊ ሰውነት ግን ያልሠራበትን ቶሎ ይጥላል። በአንድ ጥናት ጤነኛ አረጋውያን ለ10 ቀን አልጋ ላይ ብቻ ሲቆዩ ከእግራቸው ጡንቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ አጥተዋል። አስር ቀን ብቻ! ቤት መዋል የግድ ሲሆን ወራት የሚወስደውን አስቡት።

ስለዚህ ስትደውሉ "እንዴት ነሽ?" ብቻ ብላችሁ አትዝጉ። ዛሬ ምን እንደሠራች ጠይቁ። ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ሲድኒ ካትዝና ባልደረቦቹ ያወጡትን ስድስት ነገር ያያሉ፦ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ ከአልጋና ከወንበር መነሳት፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር፣ በራስ መብላት። ከነዚህ በፊት ግን ብዙ ጊዜ ሌላው ነው የሚላላው፦ ገንዘብ መቁጠር፣ መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድ፣ ማብሰል፣ ስልክ መደወል። ባለፈው ወር ራሷ ትደውል የነበረች እናት አሁን ካልደወሉላት ዝም ካለች፣ ያን ነገር በዋዛ አትለፉት።

ቪዲዮ ላይ ፊቷን ብቻ አትዩ። አጠገቧ ያለው ሰው ስልኩን ይያዝላትና ስትራመድ እዩ። ከወንበር እጇን ሳትደገፍ ትነሳለች? የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያን በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ በሳምንት 3 ቀንና ከዚያ በላይ ደግሞ ሚዛን የሚያጠናክር ልምምድ ይመክራል። ይህ ግን ለብዙዎቹ ሩቅ ነው፣ በግቢ ውስጥ በቀን ሁለት ሦስቴ አጭር መንገድ መሄድም ከምንም ይሻላል። ለሠራተኛዋም ግልጽ ንገሯት፦ እናቴ የምትችለውን አትሥሪላት፣ አጠገቧ ቁሚ። ለመናገር ቀላል ነው፣ ለማስፈጸም ግን ደጋግሞ ማስረዳት ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ሠራተኛዋ የተቀጠርሁት ልሠራ ነው ብላ ታስባለች።

አሁን ደግሞ ስለ ሕመሙ። ትልልቅ ሰዎች ሲታመሙ ሁልጊዜ ትኩሳት ላይኖራቸው ይችላል። የመጀመሪያው ምልክት ድንገት ግራ መጋባት፣ መውደቅ፣ ምግብ መጥላት፣ ከወትሮው ይበልጥ መተኛት ሊሆን ይችላል። "እርጅና ነው" ብሎ ማለፍ እዚህ ላይ ያሳስታል፣ እርጅና በሁለት ቀን አይመጣም። ትናንት ስማችሁን የጠራች እናት ዛሬ ከተምታታባት፣ ያን ቀን ሐኪም ይያት።

ጣት ላይ የምትገባውን የኦክስጅን መለኪያ ገዝታችሁ ከላካችሁ፣ ጤነኛ ሳለች ለክታችሁ የወትሮዋን ቁጥር መዝግቡ። ከ94 በታች ከሆነ ለሐኪም ንገሩ፣ ከ90 በታች ሲሆን ግን ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ነው። ቀዝቃዛ ጣትና የጥፍር ቀለም ቁጥሩን ያዛባሉ። ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ መሣሪያው ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ እንደሚችል ታውቋል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ እሷ ትንፋሽ ካጠራት እሷን እመኑ።

መድኃኒት ከውጭ መላክ እንወዳለን። ተጠንቀቁ። አንዱ መድኃኒት እዚህና እዚያ በተለያየ ስም ይሸጣል፤ ታይሌኖልና ፓናዶል ሁለቱም ፓራሲታሞል ናቸው፣ አንድ ላይ ሲዋጡ መጠኑ ይደራረባል፣ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል። ከመላካችሁ በፊት የምትወስደውን ሁሉ ፎቶ አስልኩና ለሐኪሟ አሳዩ። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ግን መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል፣ ቢያንስ የአንድ ወር መጠባበቂያ ቤት ውስጥ ይኑር። ክትባት ሲሰጥም "ትልቅ ሰው ነች፣ ይከብዳታል" የሚል ወሬ ሰምታችሁ አታስቀሩባት፣ በሽታው አብዝቶ የገደለው አረጋውያንን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጆሮዋ የደከመ ከሆነ ማስክ ያደረገ ሰው ሲያናግራት አፉን ማየት ስለማትችል ላትሰማ ትችላለች፣ አውቃ ዝም ያለች ወይም የዘነጋች ሊመስል ይችላል። ቀረብ ብሎ ቀስ እያሉ መናገር ነው፣ ካስፈለገም መጻፍ።

በመጨረሻ፣ አእምሮዋ ጥርት ባለበት ጊዜ ራሷን ጠይቁ። ታምሜ ብወድቅ የት ልታከም፣ ማን ይወስንልኝ፣ የባንክ ጉዳዬን ማን ይያዝ የሚለውን እሷ ትናገር፣ ውክልናም ካስፈለገ በአገሩ ሕግ መሠረት ያኔ ይፈረም። ስልኳ አጠገብ ደግሞ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፦ የምትወስዳቸው መድኃኒቶች፣ የማይስማማት ነገር፣ የሐኪሟ ስልክ፣ በሌሊት መጥቶ ሆስፒታል የሚያደርሳት ሰው ስልክ። የመጀመሪያው ቁጥር የእናንተ አይሁን። እሷ በምትታመምበት ሰዓት እናንተ ተኝታችሁ ወይም ሥራ ላይ ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ ብትነቁም በአምስት ደቂቃ አትደርሱም። እዚያ ያለው ጎረቤት ግን ይደርሳል።