ጡሩንባ ከመነፋቱ በፊት፦ ቀበሌን ለኢንፍሉዌንዛ ማዘጋጀት

ደምበጫ አካባቢ፣ ገጠር ቀበሌ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። ስለ ኢንፍሉዌንዛ ሳነሳ መልሱ ሁሌም አንድ ነው፤ «ጉንፋን እኮ ነው፣ ምን አለበት?» ይሉኛል። አለበት እንጂ። ተራ ጉንፋን የያዘው ሰው እያስነጠሰም ቢሆን ያርሳል። ኢንፍሉዌንዛ ግን በድንገት ይጥላል። ጠዋት ደህና የነበረው ሰው ማታ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ፣ ቁርጥማትና ደረቅ ሳል ይዞት ይተኛል። ከዚያ ቤተሰቡን ተራ በተራ ያዳርሳል። አብዛኛው ሰው በሳምንት ውስጥ ይነሳል። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አዛውንት፣ አስም ወይም ስኳር ወይም ኤችአይቪ ያለበት ሰው ግን ወደ ሳንባ ምች ሊዞርበት ይችላል።

በ1911 ዓ.ም. አገሩን የፈጀው የህዳር በሽታ ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። ህዳር 12 ቆሻሻ የማጠኑ ልማድም ከዚያ ጋር ይያያዛል። ግቢ ማጽዳቱ መልካም ነው። ጭሱ ግን ቫይረስ አይገድልም፤ የሚያስለውን ሰው ደግሞ ያብስበታል።

ዝግጅቱ መጀመር ያለበት ማንም ሳያስል ነው። ለዚህ ደግሞ አዲስ ኮሚቴ አታቋቁሙ። ኮሚቴ ሞልቶናል። እድሩ አለ። እድር የአባላቱን ስም በመዝገብ ይዟል። ጡሩንባ ነፊ አለው፣ ገንዘብ አለው፣ ድንኳን አለው፣ ቃሬዛ አለው። ወረርሽኝ ሲመጣ የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ ለምን ይሠራል?

በመደበኛው የእድር ስብሰባ ላይ ጥቂት ነገር ተነጋገሩ። መጀመሪያ፣ በየጎጡ ነፍሰ ጡር፣ ጨቅላ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ያሉበት ቤት ይመዝገብ። ማን እንደሚጠይቃቸውም በስም ይታወቅ። «ሁላችንም እናያቸዋለን» ከተባለ ማንም አያያቸውም።

ቀጥሎ የሥራውን ነገር ቁረጡ። ይህ ከሁሉም ይበልጣል ባይ ነኝ። በሽተኛ ሳይሻለው የሚነሳው ሰነፍ እንዳይባል ብቻ አይደለም። አጨዳ ደርሶ ጤፉ ሲረግፍበት፣ ከብቱን የሚያግድለት ሲያጣ እንዴት ይተኛ? «ቤትህ አርፈህ ተኛ» ብዬ ብመክረው ምክሬን ማን ይበላዋል? ስለዚህ አባወራውና እማወራዋ አብረው ከወደቁ ማን ውሃ እንደሚቀዳ፣ ማን ከብት እንደሚያሰማራ፣ ደቦው እንዴት እንደሚወጣ አስቀድሞ ይወሰን። ቃሬዛውንም አውጥታችሁ ገመዱን ፈትሹት። ጭቃው ሲበረታ ወይም መንገድ ሲዘጋ አምቡላንስ አትጠብቁ።

ወደ ለቅሶ ልምጣ። በጎጃም ለቅሶ ቅሩ ብሎ የሚሰማው የለም፤ እኔም አልልም። የታመመ ሰው ግን ቤተሰቡን ይላክና እሱ ሲሻለው ይድረስ። ማንም አይቀየመው። የድንኳኑ ጎን ተጠቅልሎ ይከፈት፣ ነፋስ ይግባ። ሰላምታው እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ በማለት ይሁን፤ መሳሳሙ ይደርሳል። ዋናው ጉድ ያለው ጓዳ ነው። ሃምሳ ሰው የጠጣበት ብርጭቆ አንድ ሳፋ ውሃ ውስጥ እየተነከረ ይወጣል። ያ መታጠብ አይባልም። በሳሙና ይታሸና በሚፈስ ውሃ ይለቅለቅ። ለማኅበርና ለሰንበቴ ደግሞ ሁሉም የራሱን ዋንጫ ይዞ ይምጣ።

ይህን ሁሉ እኔ አሥር ጊዜ ብናገር አባ ከቅዳሴ በኋላ አንዴ የተናገሩትን ያህል አይሰማም። ስለዚህ መጀመሪያ የምሄደው እሳቸው ዘንድ ነው።

እቤት ውስጥ ያለው ሥራ ቀላል ነው። በ2012 ኮሮና ሲመጣ በየደጁ የተሰቀለችውን ጀሪካን አስታውሱ። አሁን ልጆች ይጫወቱባታል። መልሳችሁ ስቀሏት። ሳሙና ከጠፋ በንጹሕ አመድ ታጠቡ፤ አንድ «አባታችን ሆይ» እስኪያልቅ መታሸት ይበቃል። ስታስሉ ክርናችሁ ውስጥ አስሉ። በነጠላ ጫፍ አፍ ሸፍኖ አስሎ፣ በዚያው ጫፍ የልጅ አፍንጫ መጥረግ ይቅር። ቀን መስኮቱና በሩ ይከፈት። የታመመው ለብቻው መደብ ላይ ይተኛ፣ አንድ ሰው ብቻ ያስታመው። ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት አንድ ሙሉ ቀን ከጠፋለት በኋላ ወደ ሰው ይውጣ።

አጥሚት፣ ሾርባ፣ ብዙ ውሃ ይጠጣ። የአገራችን ማር ለሳል ጥሩ ነው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ፈጽሞ አይሰጥም። ዳማከሴ ማሽተቱን አልከለክልም። ጨምቆ ሕፃን አፍንጫ ውስጥ ማንጠባጠቡን ግን እከለክላለሁ። አረቄ መድኃኒት አይደለም፣ ከነጭ ሽንኩርት ጋርም ቢሆን። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በዕድሜው ልክ ይሰጥ፤ ለልጆችና ለወጣቶች አስፕሪን አትስጡ። ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊንም አትዋሱ። ቫይረስ አይገድልም፤ ሳንባ ምች መኖር አለመኖሩን የሚለየው የመረመረው ባለሙያ ነው።

እናቶችን የልጅ ትንፋሽ መቁጠር አስተምራለሁ። ልጁ ሳያለቅስ፣ ስልክ ላይ አንድ ደቂቃ ይዛችሁ ደረቱን እያያችሁ ቁጠሩ። ከ2 ወር እስከ 11 ወር ላለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ውሰዱት። ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከፈዘዘ ሳትቆጥሩ ሩጡ። 2 ወር ያልሞላው ጨቅላ ካተኮሰው ማደር የለም። አዋቂ ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ከወጋው፣ ከቃዠ ወይም ለቆት የነበረው ትኩሳት ከተመለሰበት ጤና ጣቢያ ይሂድ። ነፍሰ ጡር ካተኮሳት ገና በመጀመሪያው ቀን ትምጣ።

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በመደበኛው የሕፃናት ክትባታችን ውስጥ የለም። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጡት ፔንታቫለንትና ፒሲቪ ግን ከአንዳንድ የሳንባ ምች ዓይነቶች ይከላከላሉ። ያቋረጣችሁ ካላችሁ ካርዱን ይዛችሁ ኑ።

በመጨረሻ፣ ወሬ አትደብቁኝ። በአንድ ጎጥ በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ ቤት ከተኛ፣ ወይም ከአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ከቀረ፣ ያኔውኑ ንገሩኝ። መምህራን ይህን ከእኔ ቀድመው ያያሉ። ዶሮ በፈንግል ማለቁን እናውቃለን። ነገር ግን ዶሮው በድንገት ካለቀ የሞተውን አትብሉ፣ በባዶ እጅ አትንኩ፤ ዶሮውን የነካ ሰው ካተኮሰው ደግሞ ሳታሳድሩ ጥሩኝ። እኔ ከሌለሁ ወደ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መስመር 8335 ደውሉ፣ ነፃ ነው።